ለስልክ ቃለ መጠይቅ የሚገባው ሥነ ሥርዓት፦ ሐረጎ ላይ ከተቋረጠ ጥሪ የተነሣ ጥያቄ

ጠያቂ፦ የደሴ ተመራቂ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አንባቢዎች። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ አካውንቲንግ አጥንቼ የተመረቅኩ ስሆን፣ ላለፉት ወራት ሥራ በመፈለግ ላይ እገኛለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠራ አንድ የጋርመንት ፋብሪካ ለጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ አውጥቶ ስለነበር ማመልከቻዬን አስገብቼ ስጠባበቅ ቆይቻለሁ።

ዛሬ ሰኞ ጠዋት አክስቴን ለመጠየቅ በሚኒባስ ተሳፍሬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በመውረድ ላይ ሳለን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ሬዲዮው ከፍ ብሎ ተከፍቷል፣ ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ ነው፣ አጠገቤ ሕፃን ያለቅሳል፤ እኔም ማን እንደሆነ ስላላወቅኩ «ሃሎ፣ ማን ነው?» ብዬ አነሣሁት። ደዋይዋ የፋብሪካውን ስም ጠርተው ከሰው ሀብት ክፍል መሆናቸውን ሲነግሩኝ ደነገጥኩ። «አሁን መነጋገር እንችላለን?» ብለው ጠየቁኝ። መኪና ውስጥ መሆኔን መናገር ኃላፊን ማስጠበቅና ማስቀየም መስሎ ስለታየኝ «አዎ፣ እንችላለን» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ከተናገሩት ግማሹን አልሰማሁትም፤ ያልሰማሁትንም «እሺ፣ እሺ» እያልኩ አሳለፍኩት፤ አንዱ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ኔትወርኩ ጠፋና ጥሪው ተቋረጠ። መልሼ ለመደወል ሁለት ጊዜ ቁጥሩን አውጥቼ ሁለቱንም ጊዜ ተውኩት፤ እኔ ሥራ ፈላጊዋ ወደ ኃላፊ መደወሌ ድፍረት ይሆናል ብዬ ነበር።

ማምሻውን በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር መልእክት ደረሰኝ። ሐሙስ 9፡00 ላይ የፋይናንስ ኃላፊው ባሉበት በስልክ ቃለ መጠይቅ እንደሚደረግልኝ፣ ኃላፊውም የውጭ ዜጋ እንደሆኑ ይገልጻል። ደስታዬ ትልቅ ነው፤ ፍርሃቴ ግን ከደስታዬ አያንስም። በቤታችን ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫችን ብድግ ብለን፣ እጃችንን በሁለት እጅ ሰጥተን፣ ዝቅ ብለን ሰላምታ እንድንሰጥ ተደርገን አድገናል። በስልክ ግን ይህ ሁሉ አይታይም፤ አክብሮቴን በምን ላሳይ? ያልሰማሁትን ድገሙልኝ ማለት ነውር ነው? ኃላፊዋ በድምፃቸው እኩያዬ ይመስላሉ፤ «አንቺ» ቢሉኝ እኔ «እርስዎ» ብዬ ልቀጥል? ካለቀ በኋላስ ውጤቱን ለማወቅ መደወል ይፈቀዳል? በዚህ ነገር ያለፋችሁ ወይም በቀጣሪው ወንበር የተቀመጣችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ በሰው ሀብት ሥራ ላይ ያለ፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። በመጀመሪያ ልብዎን ያሳርፉ፤ ጥሪው በመቋረጡ ቢቀየሙ ኖሮ ማምሻውን መልእክት ባልላኩልዎት ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ሐረጎ ላይ ስልኩ እንደሚቆራረጥበት እዚህ ያለ ቀጣሪ ያውቃል። ኃላፊዋም መነጋገር ይችሉ እንደሆነ አስቀድመው መጠየቃቸው ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸውን ያሳያል፤ ይህን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ጥያቄ የሚገባ ቀጣሪ ብዙ ነው፤ ነውሩም የእርሱ ነው።

ያ ጥያቄ ግን የሰላምታ ማሟያ እንዳልነበረ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። «እንዴት አደሩ» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብለን እንደምናልፈው አይደለም፤ እውነተኛ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። ከእኔ ወንበር ሆኜ ነገሩን ልንገርዎ። በአንድ ጠዋት የማመልከቻ ፋይሎችን ከፊቴ ደርድሬ ለብዙ ሰው እደውላለሁ። የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ የምፈልገው ጎበዝ መልስ አይደለም፤ ሰውየው ይሰማኛል ወይ፣ ልቡስ እኔ ዘንድ ነው ወይ የሚለውን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አመልካች ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ስልኩን አነሣና ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንድደውልለት ለመነኝ። በልቤ «ይህ ሰው ሥራውን አልፈለገውም» ብዬ ከስሙ ጎን ምልክት አደረግኩበት። በተባለው ሰዓት ስደውል ግን ጸጥ ያለ ቦታ ተቀምጦ፣ የማመልከቻውን ቅጂ ከፊቱ አድርጎ፣ የጠየቅኩትን ሁሉ በረጋ መንፈስ መለሰልኝ። ምልክቱን ሰረዝኩት፤ በራሴም አፈርኩ። በዚያው ዕለት ሌላዋ አመልካች ከአውቶቡስ ተራ ሆና «እችላለሁ» ብላኝ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ደግሜላት ሁለታችንም ደክመን ተለያየን። የልጅቷ ችሎታ ምን ያህል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ጥሪ ሲገጥምዎት «ስለደወሉልኝ በጣም አመሰግናለሁ፤ አሁን መኪና ውስጥ ስለሆንኩ በደንብ አልሰማዎትም። 4 ሰዓት ላይ እኔ ብደውልልዎ ይመችዎታል ወይስ እርስዎ የሚመርጡት ሰዓት አለ?» ቢሉ ማንም ጤነኛ ኃላፊ አይቀየምም። ልብ ይበሉ፤ «ትንሽ ቆይተው ይደውሉ» ብሎ መተው ሥራውን ለደዋዩ መልሶ ማሸከም ነው፤ ሰዓት ቆርጦ መናገር ግን አክብሮት ነው። 4 ሰዓት ካሉ ደግሞ 4 ሰዓት ይደውሉ።

ጥሪው ሲቋረጥ ማን መልሶ ይደውል ለሚለው በአብዛኛው መጀመሪያ የደወለው ሰው መልሶ ይደውላል፤ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ከደወላችሁ መሥመሩ ይያዛል። ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ካልደወሉልዎት እርስዎ ይደውሉ። ድፍረት አይደለም፤ አለመደወሉ ነው ግዴለሽነት የሚመስለው። ለዚህም ስልክዎ ላይ በቂ ሒሳብ ይኑር። ለቀጣሪ ሚስኮል ማድረግም ሆነ «ይደውሉልኝ» የሚለውን መልእክት መላክ ፈጽሞ አይገባም፤ ለወንድምና ለጓደኛ የሚሆን ነገር ነው።

ስለ አነሣሥም አንድ ነገር ልበል። ማመልከቻ ያስገባ ሰው ከማያውቀው ቁጥር በተደወለለት ቁጥር ቀጣሪ ሊሆን እንደሚችል አስቦ ቢያነሣ መልካም ነው። «ማን ነው?» በጆሮ ላይ ይከብዳል፤ አባቶቻችን ያቆዩልን «ማን ልበል?» የሚል ውብ አነጋገር እያለ ለምን እንተወዋለን? የጥሪ ማሳመሪያ ካለዎትም ለጊዜው ያጥፉት። ዘፈንም ሆነ መዝሙር ወይም መንዙማ፣ የሚሰማው እርስዎ ሳይሆኑ ደዋዩ ነው።

ለሐሙስ ቦታውን ከወዲሁ ይምረጡ። ወቅቱ ክረምት ነው፤ የደሴ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ስልክ ይቅርና ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰውም አይሰማም። ኮርኒስ ያለው ክፍል ወይም ፎቅ ላይ የሚኖር ዘመድ ካለዎት ከዚያ ይሁኑ። ከዚያው ቦታ ሆነው በዋዜማው ለጓደኛዎ ደውለው ድምፅዎ ጥርት ብሎ መሰማቱን ያረጋግጡ። ባትሪውን ሌሊቱን ይሙሉት፤ ጠዋት መብራት ሊጠፋ ይችላል። ስልክዎ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሌላውን ያጥፉት፤ በመሐል የሚገባ ጥሪ ሐሳብ ይበትናል። ለቤተሰብም አስቀድመው ይንገሩ፤ እናት በደግነት «ቡናው ደርሷል» ብላ በር የምትከፍተው ልክ በዚያች ደቂቃ ነው። ላውድ ስፒከር አያብሩ፤ ድምፅን ያስተጋባል፣ ሌላ ሰው አብሮ እየሰማ እንደሆነም ያስጠረጥራል። ወረቀትና እስክሪብቶ፣ የማመልከቻዎ ቅጂና ማስታወቂያው ከፊትዎ ይሁኑ። የስልክ ቃለ መጠይቅ ከፊት ለፊቱ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ማስታወሻዎን ማየት ይችላሉ።

መልስ፦ የቧንቧ ውሃ ልጅ

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ 9፡00 የተባለው በየትኛው አቆጣጠር ነው? መልእክቱ በእንግሊዝኛ ከተጻፈና የፋይናንስ ኃላፊው የውጭ ዜጋ ከሆኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለታቸው ሊሆን ይችላል። በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ብለሽ ከቀትር በኋላ ብትጠብቂ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘግይተሻል ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው በራሴ ስለደረሰ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ድርጅት እንዲሁ «9፡00» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ከምሳ በኋላ ነው ብዬ ጠዋቱን በወንድሜ ሱቅ ሳገለግል፣ ስልኬን ከጓዳ ቻርጅ ላይ ሰክቼው ዋልኩ። በ6 ሰዓት ሳየው ሦስት ያመለጡ ጥሪዎች ነበሩበት፤ የመጀመሪያው ልክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የገባ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በዚያች ቅጽበት ደውዬ «ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተረድቼው ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብል ኖሮ ምናልባት ሌላ ቀጠሮ ይሰጡኝ ነበር። እኔ ግን እፍረት ይዞኝ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ስደውል ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል ተባልኩ። ከሰዓቱ ስሕተት ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የሁለት ቀኑ ዝምታ ነው።

ቀኑም እንደዚሁ ያሳስታል። «ጁላይ 15» ሲባል ብዙዎቻችን ወሩን ብቻ ተርጉመን «ሐምሌ 15» እንላለን፤ ጁላይ 15 ግን ሐምሌ 8 ነው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ያልፍሻል። የአንቺ መልእክት ሐሙስ ስለሚል ከዚህኛው ተርፈሻል፤ ሰዓቱን ግን ዛሬውኑ አጣሪ። ስትጠይቂም «ስንት ሰዓት ነው?» ብቻ አትበዪ፤ መልሱ እንደገና «9» ይሆናል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለታችሁ ነው ወይስ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት?» በዪ።

ጠያቂ፦ የደሴ ተመራቂ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ጽሑፍህን አንብቤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ከቀትር በኋላ መስሎኝ ጠዋቱን ወረቀት ኮፒ ለማድረግ ፒያሳ ልወጣ አስቤ ነበር። ኃላፊዋ ጥያቄዬን በደስታ ነው የተቀበሉት፤ «ጠይቀሽ ማጣራትሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። ሰኞ ዕለት መኪና ውስጥ እንደነበርኩና ግማሹን እንዳልሰማሁ ነግሬ ይቅርታም ጠየቅኳቸው። እንደተፈራውም «አንቺ» አሉኝ፤ እኔ በ«እርስዎ» ቀጠልኩ፤ ትክክል ስለመሆኑ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

መልስ፦ በሰው ሀብት ሥራ ላይ ያለ፣ ኮምቦልቻ

እኔም መልእክቱን አንብቤ ሳበቃ ሰዓቱን ልብ አላልኩትም፤ ወንድማችን ስላስተዋለው ምስጋና ይገባዋል። ከነገ ጀምሮ በምልካቸው መልእክቶች ሁሉ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀትር በኋላ» የሚለውን ቃል ሳልጽፍ አላልፍም።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር፣ ደሴ

ልጄ፣ በ«እርስዎ» መቀጠልሽ ልክ ነው። እርሳቸው «አንቺ» ያሉሽ ለማቅረብ ብለው ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ግን ራሳቸው «አንቺ በዪኝ» እስካላሉሽ ድረስ ከአክብሮቱ አትውረጂ። በአገራችን ለታላቅ ሰው «አንቱ» እንላለን፤ እኔ ራሴ ከዚያ ወግ ውጭ መናገር ይከብደኛል፤ ለመሥሪያ ቤት ንግግር ግን «እርስዎ» ለሁሉም ጆሮ የተስማማ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ «እርስዎ» ወንድና ሴት አይለይም። በተቆራረጠ መሥመር የደዋዩ ድምፅ የወንድ ይሁን የሴት ሳይለይሽ «ምን አልሽ» ወይም «ምን አልህ» ብለሽ ከመሳሳት ያድንሻል።

እጅ መንሣቱ በስልክ አይታይም ብለሽ የተጨነቅሽበትን ነገር ሳስብበት ዋልሁ። ጭንቀትሽ እውነት ነው። እኛ አክብሮታችንን ግማሹን የምንናገረው በአካላችን ነው፤ ብድግ በማለት፣ አንገት በመድፋት፣ ዓይንን በመስበር። እነዚህን ስልክ ወስዶብናል፤ ያስቀረልን ድምፅን ብቻ ነው። እንግዲህ በአካል የምናሳየውን በቃል መናገር ግድ ይላል። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። እኛ መስማማታችንን ለመግለጽ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንልበት ልማድ አለን። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው በደንብ ይረዳዋል፤ በስልክ ግን ወይ አይሰማም፣ ወይም የደነገጥሽ ያስመስላል። የውጭ አገሩ ሰውማ «ምን ደረሰባት?» ብሎ ነው የሚያስበው። አንገት መነቅነቅም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጥያቄ በተጠየቅሽ ቁጥር «አዎ፣ ገብቶኛል» ብለሽ ቃሉን አውጪው። ለማሰብ ጊዜ ስትፈልጊም ዝም ብለሽ አትቆዪ፤ ዝምታሽን መሥመሩ የተቋረጠ መስሏቸው «ሃሎ፣ ሃሎ» ማለት ይጀምራሉ። «ጥቂት ላስብበት» ብለሽ አስቢ።

«እሺ» የምንላት ቃልም እንድትጠነቀቂያት እፈልጋለሁ። «እሺ» ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው፣ ተቀብያለሁ ማለት ነው፣ እፈጽመዋለሁም ማለት ነው። ያልሰማሽውን «እሺ» ስትዪ ያልሰማሽውን ቃል ገባሽ። ሰኞ ዕለት ምን ምን እሺ እንዳልሽ ታውቂያለሽ? ምናልባት የደመወዝ ነገር አንሥተው ነበር፤ ምናልባት በሌሊት ፈረቃ ትሠሪያለሽ ወይ ብለውሽ ነበር። «ይቅርታ፣ ድምፁ ስለተቆራረጠብኝ ጥያቄውን ቢደግሙልኝ» ማለት በየትኛውም ቋንቋ ነውር አይደለም። ነገሩን ለማረጋገጥም የሰማሽውን መልሰሽ በራስሽ ቃል በያቸው፤ «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ አለ ብለውኛል፤ በትክክል ሰምቼዎታለሁ?» እንደማለት ነው።

ሰላምታው አጭር ይሁን። በእኛ ዘንድ የከብቱን፣ የልጁን፣ የጎረቤቱን ደኅንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ደረቅነት ነው፤ ይህ ወጋችን ውድ ነው፣ እንዲጠፋም አልመኝም። የተቀጠረው ሰዓት ግን የሌላ ሰው ነው። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ» ብለሽ ሙሉ ስምሽን ከነአባትሽ ስም ረጋ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ ይበቃል። የውጭ አገሩ ሰው በአባትሽ ስም ቢጠራሽ አትደናገጪ፤ በብዙ የውጭ አገር ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም ስለሆነ አክብሮቱ ነው። አንቺም ራሱን ባስተዋወቀበት ስም ጥሪው። የእንግሊዝኛ መልስሽን ግን አትሸምድጂ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ሲያነብና ሲናገር ለይቼ ሰምቻለሁ፤ በስልክም ይለያል።

መልስ፦ የገርባ ነጋዴ

እኔ በአንድ ነገር ላይ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ከቃለ መጠይቅ በኋላ መደወል መለማመጥ ይመስለኛል፤ ከፈለጉሽ ይደውሉልሻል፣ ካልፈለጉሽ ደግሞ ጥሪሽ አያስፈልጋቸውም። ደመወዝም ቢሆን በስልክ አይጠየቅም፤ ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚነሣ ነገር ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቀጣሪ ነኝ ብሎ ደውሎ ለመመዝገቢያ ወይም ለቅጽ በቴሌብር ገንዘብ ላኩ የሚል ሁሉ ቀጣሪ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ በዚህ ተታላለች። የድርጅቱን ስም፣ የሥራ መደቡን፣ ቢሮው የት እንደሆነ በትሕትና መጠየቅ መብት ነው። ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ወይም ወደ ስልካችሁ የገባውን የይለፍ ቁጥር ንገሩን ከተባላችሁ ስልኩን ዝጉት።

መልስ፦ በሰው ሀብት ሥራ ላይ ያለ፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ስለ አጭበርባሪዎቹ የተናገርከው ሁሉ ልክ ነው። ስለ መደወሉ ግን አልስማማም። ፋብሪካ ውስጥ የቅጥር ጉዳይ በብዙ እጅ ያልፋል፤ የክፍል ኃላፊው ሳይፈርም፣ የምርት ጭነት ደርሶ ሁሉም ወደዚያ ሲሮጥ የአንድ ሰው ፋይል ጠረጴዛ ላይ ሊያድር ይችላል። በወቅቱ የመጣ አንድ አጭር ጥሪ ያን ፋይል አንሥቼ እንዳየው አድርጎኝ ያውቃል። የሚያስቀይመው በየቀኑ መደወል፣ በማታ በግል ስልክ መደወል፣ ዘመድ ማስደወል ነው። የመጨረሻውን በተለይ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ኃላፊው የሚያውቀው ሰው ተፈልጎ ሲደወልለት የአመልካቿ የራሷ ችሎታ ይደበዝዛል።

ስለዚህ እህቴ፣ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ «ውጤቱን መቼ ብጠብቅ ይሻላል?» ብለው እርስዎ ይጠይቁ። ቀን ከነገሩዎት ያ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ካልነገሩዎት ደግሞ ከአንድ ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ይደውሉ። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ ግን አይደውሉ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዓርብ ምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ በግል ድርጅትም ቢሆን ብዙ ሰው ለጁምዓ ሶላት የሚወጣበት ሰዓት ነው።

ደመወዙን በተመለከተ ከፊል እስማማለሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አያንሡት። እነርሱ ከጠየቁዎት ግን «እናንተ እንደምትሉት» ብለው አያልፉት፤ አስቀድመው ያሰቡበትን መጠን ይንገሯቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በየቀኑ ደርሶ መልስ የሚከፈለው የመኪና ሒሳብ ከጀማሪ ደመወዝ ላይ ብዙ ይቆርጣል። ፋብሪካው ሰርቪስ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም፤ ሰርቪሱ ደሴ ድረስ ይመጣ እንደሆነም ይጠይቁ። የሙከራ ጊዜውንም እንዲሁ፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም።

ስልኩ አልፎ ፊት ለፊት ከተጠሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በአንዳንድ ፋብሪካዎች በር ላይ ጥበቃዎች ስልክ ተቀብለው ያስቀምጣሉ። የሚገናኙትን ሰው ስምና ክፍል በወረቀት ይያዙ፤ የትምህርት ማስረጃዎ ፎቶም ስልክዎ ላይ ብቻ አይሁን። ይዘው እንዲገቡ ከተፈቀደልዎት ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ቦርሳ ውስጥ ያስገቡት። ሳይለንት አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ቫይብሬሽኑ ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጠው የሁሉም ዓይን ወደዚያ ይሄዳል።

ጠያቂ፦ የደሴ ተመራቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ሰኞ ዕለት ምን ምን እሺ እንዳልኩ በእርግጥ አላውቅም ነበርና በምክርዎ መሠረት ይህን ለኃላፊዋ ልልክ አስቤያለሁ፤ እባካችሁ እዩልኝ። «ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለሚደረገው ቃለ መጠይቅ በዚህ ቁጥር ዝግጁ ሆኜ እጠብቃለሁ። ሰኞ ዕለት በኔትወርክ ምክንያት ያልሰማኋቸው ጥያቄዎች ስላሉ ሐሙስ ቢደግሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስላስቸገርኩዎ በጣም በጣም ይቅርታ፤ እባክዎ አይቀየሙኝ።» ቦታውንም አግኝቻለሁ፤ ሆጤ ያለችው ጓደኛዬ ኮርኒስ ያለውን ክፍሏን ትለቅልኛለች።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር፣ ደሴ

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አውጪው፤ ይቅርታውን ማክሰኞ በቃልሽ ጠይቀሻል፣ እርሳቸውም ተቀብለውሻል። በምትኩ ሙሉ ስምሽንና ያመለከትሽበትን የሥራ መደብ ጻፊበት፤ ቁጥርሽን በስም መዝግበው ላይዙት ይችላሉ። ዛሬ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ላኪው።